ምዕራፍ 6፦ ልጅነቱ ከእግሩ ነው

ግቢውን በቅንጭብ ላጠረ፣ ማሳውን በኮርች ለከለለ ገበሬ፣ እንጨት ያለ ዘር እንደሚበቅል መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሸንኮራ አገዳ፣ ስኳር ድንችና ጽጌረዳም የሚባዙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከእናቲቱ ይቆረጣል፣ አፈር ውስጥ ይሰካል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይይዛል። በአገራችን ከማንኛውም ዛፍ በላይ የሚተከለው ባህር ዛፍ ግን ለዚህ እሺ አይልም። ቀጥ ካለ ትልቅ ባህር ዛፍ ላይ ያማረ ቅርንጫፍ ቆርጦ የሰካ ሰው የሚያገኘው በጥቂት ቀን ውስጥ የጠወለገ ቅጠል፣ ቀጥሎም የደረቀ እንጨት ነው።

ሆኖም ዛሬ በብራዚል በየዓመቱ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠር የባህር ዛፍ ችግኝ የሚፈላው ከቁርጥራጭ ነው። እዚያ ያለው ባህር ዛፍ ከእኛው ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱም መነሻቸው አውስትራሊያና አጠገቧ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ልዩነቱ ቁርጥራጩ ከየትኛው የዛፉ ክፍል እንደሚወሰድ በማወቅ ላይ ነው። ሥር አስያዥ ሆርሞኑ፣ የጉም ርጭቱና የፕላስቲክ ዳሱ ሁሉ ከዚህ እውቀት በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ዘር እያለ ለምን?

ባህር ዛፍ ዘር አያጣም። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአንድ እፍኝ ሺዎች ችግኞች ይወጣሉ። ጥያቄው ብዛቱ ላይ አይደለም፤ ከዚያ ዘር ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚወጣ አለመታወቁ ላይ ነው። አበባውን የሚያዳቅሉት ንብና ሌሎች ነፍሳት ናቸው፤ ስለዚህ በአንዲት ፍሬ ውስጥ ያሉት ዘሮች እናታቸው አንድ ብትሆንም አባታቸው ሊለያይ ይችላል። አበባው ከሌላ ዛፍ ብናኝ ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ በገዛ ራሱ ብናኝ ይፀንሳል፤ ከዚህ የሚወለደው ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ነው። ግቢ ውስጥ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ዘር ለቅሞ የዘራ ሰው ቀጫጫ ችግኝ ቢበዛበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ውጤቱ ማሳ ላይ ይታያል። በአንድ ቀን፣ በአንድ አፈር፣ ከአንድ መደብ የተተከሉ ዛፎች በአምስተኛው ዓመት አንዱ ለአጠና ይደርሳል፣ ሌላው ከማገር አያልፍም፣ ሦስተኛው ለማገዶ ብቻ ይሆናል። ነጋዴው ጥሩ ዋጋ የሚከፍለው ግን ለቀጥታውና ለእኩያው ነው።

በዚህ ላይ የእኛ ባህር ዛፍ መነሻው ሰፊ አይደለም። ዘሩ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተመንጥሮ በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት እጦት በተጨነቀችበት ወቅት ነው። ዛሬ አብዛኛው ገበሬ የሚዘራው እዚሁ ከቆመ ዛፍ የተለቀመ ዘር ነው፤ ለቃሚውም የሚወጣው ለመውጣት ወደሚመቸው፣ ማለትም ዝቅ ብሎ ወደሚንዠረገገውና ወደጎበጠው ዛፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መጥፎው ዛፍ ይባዛል፣ ቀጥታው ለአጠና ይቆረጣል። ምርጫው ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከቁርጥራጭ የበቀለ ዛፍ ግን አባት የለውም። ቁመናው፣ የእንጨቱ ጥንካሬ፣ የበሽታ መቋቋሙ፣ ሁሉም የተቆረጠበት ዛፍ ነው። እንዲህ ከአንድ ዛፍ የወጡትን ሁሉ በአንድነት ክሎን ይሏቸዋል። ይህ በተለይ ለዲቃላ ዋጋው ትልቅ ነው። ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የሚወለደው የመጀመሪያው ትውልድ አንዳንዴ ከሁለቱም ወላጆች በልጦ ይፋፋል፤ ከዲቃላው ዘር ተለቅሞ ሲዘራ ግን ያ ብልጫ ይበተናል፣ ልጆቹም ዥንጉርጉር ሆነው ይወጣሉ። ምርጥ ዲቃላን እንዳለ ለማቆየት ያለው መንገድ ቆርጦ ማብቀል ነው።

በአንድ ግንድ ላይ ሁለት ዕድሜ

የእንጦጦን ዳገት የወጣ ሁሉ የዚህን ምዕራፍ ዋና ማስረጃ በዓይኑ አይቶታል። እዚያ ያለው በብዛት ነጭ ባህር ዛፍ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ። ችግኝ ሳለ ቅጠሉ ሰፊና ግራጫ ሰማያዊ ነው፣ ሲነኩት ነጭ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ያለ እጀታ፣ ግንዱን አቅፈው ይቀመጣሉ፤ ግንዱም አራት ማዕዘን ነው። ዛፉ ሲጎለምስ ቅጠሉ ይለወጣል። ይረዝማል፣ ይጠባል፣ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይሄዳል፣ እጀታ አውጥቶ ይንጠለጠላል። አንድ ዛፍ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ቅጠሎች ቢያይ የሁለት ዛፍ ናቸው ይላል።

አሁን ያንን ትልቅ ዛፍ ቆርጠው ጉቶውን ይተዉት። በሳምንታት ውስጥ ሲያቆጠቁጥ የሚያወጣው ቅጠል እንደገና ሰፊ፣ ግራጫ ሰማያዊና ዱቄት የለበሰ ነው። ሃያ ዓመት የኖረ ዛፍ ከእግሩ የችግኝ ቅጠል አወጣ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ዛፍ መላ አካሉ እኩል ስለማያረጅ ነው። ዛፍ የሚያድገው በጫፉ ነው፤ በጫፉ ያሉት ሕዋሳት ዓመት ከዓመት ሲከፋፈሉ ኖረው ጎልምሰዋል፣ አበባና ፍሬ ወደ ማፍራት ዞረዋል። የግንዱ እግር ግን የተሠራው ዛፉ ገና ችግኝ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ ከቅርፊቱ ሥር ተኝቶ የቀረው የእምቡጥ ሕብረ ሕዋስ ከጫፉ ጋር አብሮ አላረጀም። ብዙ የባህር ዛፍ ዝርያዎች በችግኝነታቸው፣ ከአንገታቸው ላይ፣ እንዲህ ያሉ የተኙ እምቡጦችንና ምግብን የሚያከማች ጉብታም ያበጃሉ። በአውስትራሊያ ደኑ በእሳት ሲጋይ ዛፉን እንደገና የሚያስነሳው ይህ ክምችት ነው። ስለዚህ በአንድ ግንድ ላይ ከላይ ጎልማሳ፣ ከታች ልጅ አለ።

ሥር የማውጣት ችሎታ ደግሞ የልጅነት ንብረት ነው። ለወረቀትና ለጣውላ በሰፊው የሚተከለው ዩካሊፕተስ ግራንዲስ ችግኝ ሳለ ከታችኞቹ አንጓዎቹ የተቆረጠ ቁራጭ በቀላሉ ሥር ያወጣል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ችሎታው እየቀነሰ ይሄዳል። በ1970 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዲ. ኤም. ፔተንና ባልደረቦቹ አውስትራሊያ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት፣ በጎለመሰው የዛፉ ክፍል ውስጥ ሥር እንዳይበቅል የሚያግድ ንጥረ ነገር እንዳለ አሳዩ። ጎልማሳ ቅርንጫፍ ሥር አላወጣም ማለት እንግዲህ ቆራጩ አላወቀበትም ማለት ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ ራሱ እንቢ ብሏል።

ከዚህ አንድ ቋጠሮ ይወጣል። የዛፍ ምርጥነት የሚታወቀው ሲጎለምስ ነው፤ ቀጥ ማለቱን፣ መወፈሩን፣ በሽታ መቋቋሙን በችግኝነቱ ማንም አያውቅም። ሥር የማውጣት ችሎታው ያለው ደግሞ በልጅነቱ ነው። ሲመረጥ አይባዛም፣ ሲባዛ አይመረጥም። ቋጠሮውን የሚፈታው ያንኑ ዛፍ መቁረጥ ነው። ጎልማሳው ይመረጣል፣ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ልጅነቱ ይወጣል፣ ቁርጥራጩም ከዚያ ይወሰዳል።

ከታመመው ደን መካከል

ይህን በሰፊው ሥራ ላይ ያዋሉት ሁለት ቦታዎች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ግራና ቀኝ ይገኛሉ።

አንዱ በኮንጎ ብራዛቪል የፖይንት ኖየር ከተማ አካባቢ ነው። ዙሪያው አሸዋማ፣ ለእርሻ የማይመች የሣር ሜዳ ነው። የፈረንሳይ የሐሩር ክልል ደን ምርምር ማዕከል እዚያ የተለያዩ የባህር ዛፍ ዝርያዎችን ጎን ለጎን ተክሎ ሲሞክር፣ ዝርያዎቹ በራሳቸው ተዳቀሉና ከዲቃላዎቹ መካከል በዚያ ድሃ አፈር ላይ እጅግ የሚፋፉ ተገኙ። ዘራቸው ግን አይታመንም። በ1974 ማርታንና ኪዬ የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ዲቃላዎች ከቁርጥራጭ ማብቀል የሚቻልበትን ዘዴ አሳተሙ፤ በ1978 ሰፊው የክሎን ተከላ ተጀመረ።

ሁለተኛው ብራዚል ነው። ባህር ዛፍን እዚያ በስፋት ያስተዋወቀው የእርሻ ባለሙያው ናቫሮ ዴ አንድራዴ ነው፤ ከ1904 ጀምሮ ለሳኦ ፓውሎ የባቡር ኩባንያ ማገዶና አግዳሚ እንጨት ብሎ ባህር ዛፍ ተከለ፤ በኋላም ብዙ ዝርያዎችን ሪዮ ክላሮ በሚባል ቦታ ሰበሰበ። ዝርያዎቹ ጎን ለጎን ስለቆሙ ተዳቀሉ፤ ከዚያ የሚለቀመው ዘርም ድብልቅ ሆነ። በ1967 አራክሩዝ የተባለው ኩባንያ በእስፒሪቱ ሳንቱ ግዛት ለወረቀት የሚሆን ደን መትከል ሲጀምር የገጠመው የዚህ ውጤት ነው። ዛፎቹ አልተመጣጠኑም። የባሕር ጠረፉ ሙቀትና እርጥበት የተስማማው ፈንገስ ደግሞ የግንዱን ቅርፊት እየሰነጠቀና እያቆሰለ ብዙዎቹን ያዛቸው።

ነገር ግን በታመመው ደን መካከል አንዳንድ ዛፎች ቁስል ሳይነካቸው ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ኤድጋር ካምፒንዮስ፣ ያራ ኢኬሞሪና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት እነዚያን መርጦ መቁረጥ፣ የጉቶውን ቀንበጥ ወስዶ በጉም ርጭት ሥር ማብቀልና መልሶ መፈተን ነው። የመጀመሪያው ሰፊ የክሎን ተከላቸው በ1979 ተካሄደ። ለዚህ ሥራ በ1984 ካምፒንዮስ፣ ኢኬሞሪ፣ ሊዮፖልዶ ብራንዳኦና ኔይ ዶስ ሳንቶስ በደን ዘርፍ ትልቅ ክብር የሚሰጠውን የስዊድኑን የማርኩስ ዋለንበርግ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በብራዚል እንዲህ ያለ ደን ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ለመቆረጥ ይደርሳል። አንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ ከ35 እስከ 40 ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ይጨምራል።

ከፍተኛውን የምርት ዝላይ ያመጣው ማዳበሪያ ወይም ማሽን ብቻ አልነበረም። ከታመመው ደን መካከል ጤነኛውን ዛፍ ለይቶ ጉቶውን መንከባከብ ነበር።

ከጉቶ እስከ ችግኝ

ሥራው ከዛፍ ምርጫ ይጀምራል። ተመራጩ ዛፍ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ አፈር የቆመ መሆን አለበት። ዳር ላይ፣ ፍሳሽና ፍግ እየተመገበ የወፈረ ዛፍ ውፍረቱ የአፈሩ እንጂ የዘሩ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ዛፉ ከመሬት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል። መጋዝ ከመጥረቢያ ይሻላል፤ መጥረቢያ ቅርፊቱን ከእንጨቱ ያላቅቃል፣ የተኙት እምቡጦች ደግሞ ያሉት ከቅርፊቱ ሥር ነው። ውሃ እንዳያቁር አቆራረጡ ትንሽ ዘንበል ይበል። ዛፉን መጣል ካልተፈለገ ከእግሩ አጠገብ ቅርፊቱን ዙሪያውን ቀርፎ ቀንበጥ ከቀረፋው በታች እንዲወጣ ማድረግም ይቻላል። ጉቶው በሞቃት አካባቢ ከ45 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ለቆረጣ የሚሆን ቀንበጥ ያደርሳል፤ በደጋ ይዘገያል። ቀንበጡ ሁሉ አይቆረጥም፤ ሥሩን የሚመግቡ አንድ ሁለት ይቀሩለታል፤ አለበለዚያ ጉቶው ይዳከማል።

ትክክለኛው ቀንበጥ በጣት ሲታጠፍ የሚለምጥ፣ ግን እንደ ቅጠል የማይሟሽሽ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ክፍል ይበሰብሳል፤ ከታች ቡናማ የሆነው ክፍል ደግሞ ጠንክሯል። ቆረጣው ማለዳ፣ ቅጠሉ ውሃ ጠግቦ ሳለ ይደረጋል፤ ቀንበጡም ወዲያው ባልዲ ውስጥ ውሃ ላይ ይቆማል፣ ወደ ጥላ ይሄዳል። ከመቆረጥ እስከ መሰካት ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር የሚይዘው ይበዛል።

ቁርጥራጩ ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኖረዋል፤ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ቅጠል ይዞ፣ የእያንዳንዱ ቅጠል ግማሽ ተቆርጦ። ግማሹ ለምን ይቆረጣል? ቅንጭብ ውሃውን በግንዱ ስለሚያከማች ሥር እስኪያወጣ መታገሥ ይችላል፤ የባህር ዛፍ ቀንበጥ ግን የሚተማመንበት ክምችት የለውም። ቅጠሉ በሙሉ ከቀረ ውሃ ተንኖ ያልቃል። ቅጠሉ ጨርሶ ከተነሣ ደግሞ ሥር አይወጣም፤ ምክንያቱም ለሥሩ የሚያስፈልገው ስኳርም፣ ሥር እንዲወጣ ትእዛዝ የሚሰጠው ሆርሞንም የሚመነጨው ከቅጠልና ከጫፍ ነው። ይህ ሆርሞን ኦክሲን ይባላል። በቀንበጡ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ይወርድና መውጫ አጥቶ ከቁስሉ አጠገብ ይጠራቀማል። እዚያ፣ በቅርፊትና በእንጨት መካከል፣ ካምቢየም በሚባለው ስስ ሽፋን አካባቢ ያሉ ሕዋሳት ሥራቸውን ለውጠው ሥር ወደ መሥራት ይዞራሉ።

ሥር አስያዥ ዱቄቱ የሚያደርገው ይህንኑ ትእዛዝ ማጉላት ነው። በ1935 አሜሪካ ውስጥ ፐርሲ ዚመርማንና ፍራንክ ዊልኮክሰን ኢንዶል ቢዩቲሪክ አሲድ የተባለው ውህድ ሥር እንደሚያስወጣ አሳዩ። ለባህር ዛፍ የሚደባለቀው በአንድ ኪሎ ታልክ ዱቄት ከ2 እስከ 8 ግራም ያህል ነው። የቁርጥራጩ ታች ብቻ ይነከራል፣ የተረፈው ይራገፋል። ሲበዛ ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። ሥር ማውጣት የሚችለውን ያፋጥነዋል፤ የማይችለውን ጎልማሳ ቅርንጫፍ ግን ልጅ አያደርገውም።

ቁርጥራጩ የሚሰካው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ የሚይዝ ግን አየር የማይከለክል ነገር ውስጥ። በብራዚል ቨርሚኩላይት የሚባል ቀላል ማዕድን፣ የተቃጠለ የሩዝ ገለባና የኮኮናት ቃጫ ይጠቀማሉ። ጥቁር አፈር ለዚህ አይሆንም፤ ውሃ ሲጠግብ አየር ያጣል፣ ቁስሉም ይበሰብሳል። የታጠበ የወንዝ አሸዋ ከጥቁር አፈር በብዙ ይሻላል። የሚሰካበት የፕላስቲክ ቱቦ ከሥሩ ክፍት፣ ውስጡም ቁልቁል የተሰመረ ቢሆን ይመረጣል። ሥሩ ቁልቁል ወርዶ አየር ሲነካው ጫፉ ይደርቅና ሌላ የጎን ሥር ይበቅላል፤ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ግን ዙሪያውን ይጠመጠማል፣ ዛፉም ከዓመታት በኋላ በነፋስ ይወድቃል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ማጠጣት፣ ማሞቅና መጠበቅ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ80 ከመቶ በላይ፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ ብርሃኑ በጥላ መረብ ግማሽ ያህል የተቀነሰ ይሁን። ትልልቅ ችግኝ ጣቢያዎች ይህን የሚያገኙት በየጥቂት ደቂቃው በሚረጭ የጉም ርጭት ነው። መብራትና የቧንቧ ግፊት በሌለበት ሌላ መንገድ አለ። ሮጀር ሊኪና ባልደረቦቹ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹት ዳስ ከእንጨት ማዕቀፍና ከፕላስቲክ የሚሠራ ነው። ከታች ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ይደለደላል። ድንጋዩ መካከል ውሃ ይሞላል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ውሃው እየተነነ ውስጡን ያረጥበዋል፤ ማሽን አያስፈልገውም።

በሞቃት ቦታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይታያል። ችግኙ ከዳሱ በአንድ ጊዜ አይወጣም። መጀመሪያ ወደ ቀላል ጥላ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ ይሻገራል፣ ውሃውም ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ለተከላ ሲደርስ በጥቅሉ ከሦስት እስከ አራት ወር ሆኖታል።

የሞተ ቁርጥራጭ የሚናገረው

ያልያዘውን ቁርጥራጭ ሳያዩ መጣል ትምህርትን መጣል ነው። ታቹ አረንጓዴ ሆኖ ቅጠሉ ከደረቀ የጎደለው እርጥበት ነው፤ ዳሱ ያፈስሳል ወይም ቁርጥራጩ ከመሰካቱ በፊት ፀሐይ አግኝቶታል። ታቹ ጠቁሮ ከሟሸሸ ውሃ በዝቷል ወይም አሸዋው ንጹሕ አይደለም። ቅጠሉ ላይ ግራጫ ሻጋታ ከታየ አየር አልተንቀሳቀሰም፣ የረገፈው ቅጠልም አልተለቀመም። ታቹ አብጦ ነጭ ጉብታ ሠርቶ፣ ቅጠሉም ለምልሞ ሳምንታት ቢያልፉና ሥር ባይወጣ ግን ጥፋቱ የዳሱ ላይሆን ይችላል። ያ ዛፍ በተፈጥሮው ሥር ለማውጣት የሚያስቸግር ነው፣ ወይም ቀንበጡ አርጅቷል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙዎችን ያሳዝናል። ዝርያዎች እኩል አይደሉም። ቀይ ባህር ዛፍ፣ ማለትም ዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ፣ እንዲሁም ዩካሊፕተስ ዩሮፊላ የተባለው የኢንዶኔዢያና የቲሞር ዝርያ በቀላሉ ሥር ይይዛሉ። ነጭ ባህር ዛፍና ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ባህር ዛፍ ያስቸግራሉ። በአንድ ዝርያ ውስጥም አንዱ ዛፍ ከመቶ ሰማንያ ሲይዝ ጎረቤቱ አሥር ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ የክሎን ጣቢያዎች ዛፍ ሲመርጡ ሁለት ጊዜ ያበጥራሉ፦ መጀመሪያ በማሳው፣ ቀጥሎ በዳሱ። እንጨቱ ያማረ ቢሆንም ሥር የማይዝ ዛፍ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ልጅነትን ማቆየት

በ1990ዎቹ ብራዚላውያን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ለቀንበጥ ጉቶ ከመጠበቅ ይልቅ ከቁርጥራጭ የበቀለውን ችግኝ ራሱን ገና በትንሽነቱ ይቆርጡት ጀመር። እነዚህ ድንክ እናቶች ዳስ ሥር፣ በአሸዋ መደብ ላይ፣ ተቀራርበው ይተከላሉ፤ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃም በጠብታ ይደርሳቸዋል። በየሳምንቱ ገደማ ከ4 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ጫፍ ይለቀምባቸዋል። እናቲቱ ከመሬት ብዙ ከፍ ሳትል፣ ሳትጎለምስ ትቆያለች።

ውጤቱ ብዙ ነገር አቀለለ። ሥሩ ፈጥኖ ወጣ፣ አወጣጡም የተመጣጠነ ሆነ፤ ብዙ ክሎኖች ሆርሞን ሳይነካቸውም ያዙ። ነጭ ባህር ዛፍን የመሰሉ አስቸጋሪ ዝርያዎችም ከበፊቱ ተሻሉ። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው፤ ወደ ልጅነት በተጠጋን መጠን ለዱቄት ያለን ፍላጎት ይቀንሳል።

አንድ ዓይነት የመሆን ዕዳ

ክሎን የሚወደድበት ምክንያት የሚፈራበትም ምክንያት ነው። ዛፎቹ ሁሉ አንድ ከሆኑ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ሌፕቶሲቤ ኢንቫሳ የምትባል ደቃቅ ተርብ በ2000 በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን አካባቢ ታየች፤ ብዙ ሳይቆይ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰች፤ ሳይንስ ስም ያወጣላት ገና በ2004 ነው። እንቁላሏን በለጋው ቅጠል ዋና ጅማትና እጀታ ውስጥ ትጥላለች። ቅጠሉ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ችግኙም ይቀጭጫል። ቀይ ባህር ዛፍንና ከእርሱ የተዳቀሉ አንዳንድ ክሎኖችን ክፉኛ ጎዳች፤ ሌሎች ክሎኖች ግን አጠገባቸው ቆመው ምንም አልሆኑም። በ1997 በናይሮቢ ካሩራ የተጀመረው የኬንያ የዛፍ ባዮቴክኖሎጂ ፕሮግራም ከደቡብ አፍሪካ ዲቃላ ክሎኖችን ሲያስመጣ በአንዱ ላይ ብቻ አለመመሥረቱ የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ በአንድ አካባቢ ብዙ ክሎን፣ እያንዳንዱም በተወሰነ ቁራጭ መሬት። ከዚህም ሌላ ክሎን የባህር ዛፍን የውሃ ጥማት አይለውጥም። ምንጭ ዳርና የጤፍ ማሳ ጥግ የማይተከል ባህር ዛፍ በዘር ቢፈላም በቁርጥራጭ ቢፈላም እዚያ አይተከልም።

ለእኛ ምን ይበጃል?

ኢትዮጵያዊ ገበሬ ለዚህ ሥራ ግማሽ መንገድ ተጉዟል። ባህር ዛፍን ከጉቶው ሦስት አራት ጊዜ እያስቆጠቆጠ መቁረጥን ከአያቱ ተምሯል። ለቁርጥራጭ የሚሆነው ልጅ ቀንበጥ በየዓመቱ በየጉቶው ላይ ይበቅላል፤ የጎደለው ከየትኛው ጉቶ እንደሚወሰድ መለየትና እርጥበት የሚይዝ ዳስ ነው።

መጀመር ያለብን ከቀላሉ ነው። በወይና ደጋና በቆላ ያለ ችግኝ ጣቢያ በቀይ ባህር ዛፍ ቢጀምር ፈጥኖ ውጤት ያያል። በደጋ በነጭ ባህር ዛፍ የሚጀምር ብዙ ቁርጥራጭ እንደሚበሰብስበት አውቆ ይጀምር፤ ከብዙ ዛፎች ጥቂት ጥቂት ይሞክር፣ ሥር የያዙለትን ብቻ ይቀጥል። በአንድ ምርጥ ዛፍ ብቻ ማሳውን የሞላ ሰው ለአንዲት ተርብ ማዕድ አዘጋጅቷል፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ዛፍ ይምረጥ። ሆርሞን የጠፋበት ሰው ሥራውን አይተው፤ ለጋ የጉቶ ቀንበጥ፣ የታጠበ አሸዋና የተዘጋ ፕላስቲክ ያለው ሰው ከዱቄቱ በፊት የሚያስፈልገውን ይዟል።

እስከዚያው ግን ምንም ዳስ የማይፈልግ አንድ ሥራ አለ። ዘንድሮ ባህር ዛፍ የምትቆርጡ ሁሉ፣ ዛፉ ገና ቆሞ ሳለ ማሳውን አንዴ ዙሩት። ከእኩዮቻቸው የበለጡትን፣ ቀጥ ያሉትንና ያልታመሙትን ከመሬት ጥግ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉባቸው። አጠናው ተጭኖ ሲሄድ ጉቶው ይቀራል፤ ምልክት ያልተደረገበት ጉቶ ግን የየትኛው ዛፍ እንደነበር በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም።